ባሌ ፓርላማ የገባበት ጉዳይ

ባሌ የሰው ፊት አያውቅም። ይህን የምለው ላማው ብዬ አይደለም፤ ራሱም ያምናል። መንገድ ላይ አንድ ሰው አስቁሞ በሁለት እጁ ሲጨብጠው፣ ስለ ጤናው ሲጠይቀው፣ ስለ ቤተሰቡ ሲጠይቀው፣ "ደህና፣ ተመስገን" እያለ ይመልሳል እንጂ ማን እንደሆነ አያውቅም። ሰውየው ተሰናብቶ ጀርባውን ሲሰጥ ነው "ውይ! እሱ ነው ለካ!" የሚለው። ፀጉር አስተካካይ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የኖረው ከሰው ኋላ ቆሞ ነው። የማን ፀጉር ማጅራቱ ላይ ሲደርስ ወዴት እንደሚዞር፣ የማን ጆሮ ከየትኛው ዝቅ እንደሚል፣ ማን በልጅነቱ ተፈንክቶ እንደነበር በቃሉ ይዟል። እኔ የተወለድኩበትን ቀን ግን በየዓመቱ እንደ አዲስ ይሰማል።

ሱቁ ጠባብ ናት። ሁለት ወንበር አላት፤ አንደኛው ከተሰበረ ቆይቷል፤ ጋዜጣና ፎጣ ይቀመጥበታል። ደንበኞቹ "ጋሽ ቀና በል" ይሉታል። ስሙ የወጣለት ቀኑን ሙሉ ከአፉ ከማይጠፋው ቃል ነው። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ አንገቱን ያቀረቀረ ሁሉ "ቀና በል!" ይባላል። በልመና አይደለም፤ በትእዛዝ ነው። የባንክ ሥራ አስኪያጅም ይሁን የታክሲ ረዳት፣ ቀና በል ሲባል ቀና ይላል፤ "በቃ" እስኪባል ድረስም ንቅንቅ አይልም። አንገቱ ላይ ምላጭ ያረፈበት ሰው ክርክር አያበዛም።

ሙያውን የተማረው በታናሽ ወንድሙ ራስ ነው። ወላጆቻቸው በልጅነታቸው ስለሞቱባቸው ወንድሙን ያሳደገው እሱ ነው። አንድ ቀን የልጁ ፀጉር ዓይኑን ሸፍኖት ቢያይ፣ የእናታቸውን የልብስ መቀስ ከሳጥን አውጥቶ በራሱ እጅ ቆረጠለት። በማግስቱ ጎረቤቱ ሁሉ ልጁን አንዳች በሽታ ይዞት ነው ብሎ እየመጣ ጠየቃቸው። ባሌ ግን እልኸኛ ነው። ቆረጠ፣ አበላሸ፣ እስኪያድግ ጠበቀ፣ እንደገና ቆረጠ። ልጁም ተበላሸብኝ ብሎ አንድ ቀን አላለቀሰም። በዚህ ዓይነት አንደኛው ፀጉር አስተካካይ፣ አንደኛው መምህር ሆኑ። ዋርሳዬ (የባሌን ወንድም እንዲህ ነው የምጠራው) ሚስት አላገባም፤ ብቻውን ነው የሚኖር። ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቁ ይመጣል፣ ይስተካከላል፣ እኛ ቤት ምሳ ይበላል፣ ይሄዳል። መምህር ሳለም ይመጣ ነበር፤ ተመርጦ ምክር ቤት ከገባ በኋላም አልቀረም። ያን ራስ ከባሌ ሌላ ማንም ነክቶት አያውቅም።

ነገሩ የተበላሸው በአንድ ቀልድ ነው። ዋርሳዬ ምክር ቤት ከገባ ዓመት ሳይሞላው፣ አንድ ነገረኛ ደንበኛ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ "ለመሆኑ ወንድምህ እዚያ ምንድነው የሚሠራው? ሲናገር እንኳ ሰምተነው አናውቅም" አለ። ባሌም መቀሱን ሳያቆም፣ "እጁን ያነሳል፤ እጁን ያወርዳል። እኔም ሥራዬ ያው ነው። ልዩነቱ እኔ ጋ ፀጉር ይወድቃል" ብሎ መለሰ።

ሱቁ በሳቅ ተናወጠ። ከፀጉር ቤት የወጣ ቀልድ ደግሞ መቼ ይያዛል! ከሰዓት በኋላ እኔው ራሴ ዳቦ ስገዛ ከማላውቃት ሴት አፍ ሰማሁት። ሲመሽ ዋርሳዬ ጆሮ ደርሷል።

ዋርሳዬ አልተሳደበም፤ አልደወለም፤ ሽማግሌም አልላከም። ቀረ። በዚያ ቅዳሜ አልመጣም፤ በሚቀጥለውም አልመጣም። ባሌ "ይመጣል፤ ፀጉር እንደሆነ ማደጉን አይተውም" እያለ ጠበቀ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የምክር ቤቱን ስብሰባ በቴሌቪዥን ስናይ ካሜራው ወደ ዋርሳዬ ዞር አለ። ፀጉሩ ተቆርጧል። ግንባሩ ላይ ተከርክሞ፣ ጆሮው ጋ አጥሮ፣ ጥርት ብሎ ይታያል። ባሌ ራቱን እንዳቀረብኩለት ትቶ ተነሳ።

"ማነው?" አለኝ።

"ማን ማነው?"

"የቆረጠው።"

"እኔ ምን አውቃለሁ?" አልኩት። እውነቴን ነው፤ አላውቅም ነበር።

ከዚያ ወዲያ ኩርፊያው ሦስት ዓመት ሄደ። አንደኛው "ታናሽ እሱ ነውና እሱ ይምጣ" ይላል። ሌላኛው "የበደለ እሱ ነውና እሱ ይምጣ" ይላል። እኔ ትልቅ ሆስፒታል ውስጥ የስልክ ኦፕሬተር ነኝ። ቀኑን ሙሉ ሰው ከሰው አገናኛለሁ፤ ሐኪም ከታማሚ፣ ላቦራቶሪ ከመድኃኒት ቤት፣ የተጣሉ ዘመዳሞችን እንኳ ሳይቀር። እነዚህን ሁለት ጎረምሶች ግን ወይ ፍንክች! የሁለቱም ፀጉር ሸብቷል፤ ጎረምሳ የምላቸው በጠባያቸው ነው።

ዋርሳዬ ፈጽሞ ጠፍቷል ማለት ግን አይደለም። አንዳንድ ቀን ሥራ ቦታዬ ይደውላል። ድምፁን የማላውቅ ይመስለዋል።

"የአጥንት ክፍል ያገናኙኛል?" ይላል።

"የአጥንት ክፍል አሁን ሥራ ይዘዋል።"

"እሺ። ሆስፒታሉ ግን እንዴት ነው?"

"ሆስፒታሉ ደህና ነው።"

"ሁሉም ጤና ናቸው?"

"ሁሉም ጤና ናቸው። ትንሽ ጉልበቱን ያመዋል፤ መቆም ስለሚያበዛ።"

"እሺ" ይልና ይዘጋል። የአጥንት ክፍልን እስከ ዛሬ አላገኘውም።

አንድ ቀን ትዕግሥቴ አለቀና "ስማ፣ ፀጉርህን ማነው የሚያስተካክልህ?" አልኩት። እሱም "ሰው አለ" አለኝ። እኔም ሞኝ፣ ማታ ለባሌ ነገርኩት።

"ሰው አለ አለ?"

"ሰው አለ አለ።"

ከዚያ በኋላ ባሌ ያንን "ሰው" ፍለጋ ጀመረ። ማታ ማታ ሽቶ ሽቶ እየሸተተ ይገባል። ሌላ ሚስት ብትሆን ሌላ ነገር ትጠረጥር ነበር። እኔም ለግማሽ ቀን ጠርጥሬያለሁ። ለካስ ምክር ቤቱ አካባቢ ያሉትን ትልልቅ ፀጉር ቤቶች እየዞረ፣ እንደ ደንበኛ እየተቀመጠ፣ ሠራተኞቹን ወሬ ያስወራቸዋል። ራሱ ላይ የቀረችው ፀጉር እንኳን ለስለላ ለማበጠሪያም አትበቃም፤ ቢሆንም ለሦስት ፀጉር ቤቶች አከፋፍሏታል። የወንድሙን የራስ ቅርጽ ሲነግራቸው ሁሉም "እንዲህ ያለ ሰው አናውቅም" አሉት። ባሌ ደግሞ እየዋሹኝ ነው ብሎ ደመደመ።

"ቴሌቪዥኑ ከፊት ነው የሚያሳየው" አለኝ አንድ ምሽት። "ማጅራቱን አንድ ጊዜ ባየው የማን እጅ እንደሆነ አውቅ ነበር። የእያንዳንዱ ሰው እጅ ማጅራት ላይ ይለያል።"

"ብታውቅስ ምን ልትሆን ነው?"

"መኮራረፍ ያለ ነው" አለ። "እኔም ኮርፌዋለሁ። አንገትን አውጥቶ ለሌላ መስጠት ግን ኩርፊያ አይደለም። የሌላ ሰው እጅ ካየሁበት አለቀ። ወንድም ነበረኝ፤ አሁን የለኝም እላለሁ። አንቺም ስሙን እንዳታነሺብኝ።"

ሲናገር አልጮኸም። ባሌ ሲጮህ አልፈራውም፤ ይበርድለታል። ቀስ ብሎ ሲናገር ነው የምፈራው። ያን ሌሊት በእውነት ፈራሁ።

በዚህ መካከል ዋርሳዬ ደወለ። የአጥንት ክፍልንም አልጠየቀም።

"እትዬ፣ ሐሙስ እናገራለሁ" አለኝ።

"ለማን?"

"ለምክር ቤቱ። የድምፅ ብክለት መቆጣጠሪያ ረቂቅ አዋጅ ላይ። ሕዝብም መታወቂያ ይዞ ገብቶ ማየት ይችላል።" ከዚያ ፈጠን ብሎ፣ "ለማንም እንድትነግሪ ብዬ አይደለም" አለና ዘጋው።

ለማንም አልነገርኩም። ለባሌ ብቻ ነገርኩት። እሱም ዜጋ የሕግ አወጣጥ ሂደትን የመከታተል መብት እንዳለው አስረዳኝ። ባሌ በሕይወቱ የሕግ አወጣጥ የሚል ቃል ሲያወጣ የመጀመሪያው ነው። ሐሙስ ሱቁን ዘጋ፤ እኔም ከሥራ ፈቃድ ወሰድኩ። ማጅራቱን ሲያይ አጠገቡ ካልሆንኩ ምን ሊያደርግ እንደሚችል አላውቅማ።

በሩ ላይ ወረፋው ረጅም ነበር። ጥበቃው ወፍራም፣ ቁጡ ሰው ነው። መታወቂያችንን አገላብጦ አየና ባሌን "እጅ ወደ ላይ" አለው። ባሌ እጁን ሰቅሎ እየተፈተሸ የጥበቃውን ጆሮ ግንድ ትክ ብሎ ያያል።

"የግራው ከቀኙ ከፍ ብሏል" አለው።

"ምኑ?"

"ፀጉርህ። ያስተካከለህ ሰው ግራኝ ነው?"

ጥበቃው እንደገና ከራስ እስከ እግሩ ፈተሸው።

ውስጥ አንዲት አስተናጋጅ የታዳሚዎችን ደንብ አነበበችልን። ማጨብጨብ ክልክል ነው። መናገር ክልክል ነው። ስልክ መክፈት ክልክል ነው። መብላት ክልክል ነው። መተኛት ክልክል ነው። የመጨረሻው ለታዳሚ ብቻ መሆኑን ሰገነቱ ላይ ወጥተን ቁጭ ስንል ተረዳን።

ሰገነቱ ከአዳራሹ በስተኋላ ከፍ ብሎ የተሠራ ነው። አባላቱ ፊታቸውን ወደ አፈ ጉባኤው፣ ጀርባቸውን ወደ እኛ ሰጥተው ተቀምጠዋል። ከላይ ሆነን ስናይ አዳራሹ ሙሉ ራስ ነው። ባሌ እንዲህ ያለ ነገር አይቶ አያውቅም። ጉልበቱን ይዞ ወደፊት ቀረብ አለ፤ ፊቱ በራ።

"ያ በቀኝ በኩል ያለው ቀለም ይቀባል" አለኝ በሹክሹክታ። "ከሱ ፊት ያለውን የቆረጠው ሰው ቸኩሏል። እዚያ ጋ ደግሞ ሁለቱ አንድ ቤት ነው የሚቆረጡት፤ በአንድ እጅ።"

እነዚያን ሁለቱን አየኋቸው። ጥቂት ቆይቶ ተራ በተራ ተነስተው ተሰዳደቡ፤ አንደኛው የገዢው ፓርቲ፣ ሌላኛው የተቃዋሚ ነበር።

ዋርሳዬን ፈለግነው። ከእኛ ብዙም ሳይርቅ መሐል ረድፍ ላይ ነው፤ ግን ወንበሩ ውስጥ ሰምጦ መደገፊያው ጋርዶታል። የሚታየን የወረቀቱ ጫፍ ብቻ ነው።

ክርክሩ ተጀመረ። አንድ አባል ተነስተው የአውራ ዶሮ ጩኸት በአዋጁ ይሸፈን እንደሆነ ጠየቁ። ረቂቁን ያቀረቡት ባለሥልጣን አውራ ዶሮ የንግድ ፈቃድ የማያወጣ በመሆኑ አይመለከተውም ብለው መለሱ። ሌላ አባል "የዶሮው ባለቤትስ?" አሉ። በዚህ ላይ ብዙ ተባለ። ዶሮው ከነገሩ ይውጣ የሚሉና ይቆይ የሚሉ ወገኖች ተፈጠሩ። አንዲት አባል እሳቸው የሚኖሩበት ሰፈር ጀኔሬተር እንዳለ፣ ጀኔሬተሩ የማን እንደሆነ ግን መናገር እንደማይፈልጉ ገልጸው፣ የማን እንደሆነ ተናገሩ። ከፊት ያሉ አንድ አዛውንት ይህ ሁሉ ስለ ጩኸት ሲባል ድምፃቸውን አጥፍተው ተኝተዋል። ባሌ ከዚህ ሁሉ አንድም ቃል አልሰማም። ዓይኑ ያን የወንበር መደገፊያ ሊበሳው ደርሷል።

በመጨረሻ አፈ ጉባኤው የዋርሳዬን ተራ ጠሩ። ዋርሳዬ ተነሳ።

ባሌ የሰገነቱን ብረት ጨበጠ። እኔ የወንድሙን ማጅራት አላየሁም፤ የማየው የባሌን ፊት ነበር። መጀመሪያ ዓይኑን አጠበበ። ከዚያ አፉ ትንሽ ተከፈተ። ከዚያ ፊቱ ሲገረጣ አየሁ። በቃ፣ አለቀ አልኩ በልቤ፤ ወንድምየው ሞተብን። እጁን ይዤ ላስወጣው ስል፣

"ማንም አልነካውም" አለ።

"ምን?"

"ማንም አልነካውም። ራሱ ነው።" "እዪው በቀኝ በኩል። ሽቅብ እየወጣ ሄዷል። ቀኝ እጅ ወደ ኋላ ሲዞር እንደዚያ ያደርጋል። ከታች ደግሞ እዪያት፣ ያቺ ጎድጓዳ። እዚያ ጋ ዓይን አይደርስም፣ እጅ ብቻ ነው የሚደርሰው። በሁለት መስታወት ነው የሚቆርጠው። ሦስት ዓመት ሙሉ ብቻውን..."

አልጨረሰውም። እኔም ያኔ ነው ዞሬ ያየሁት። እውነትም ያ ማጅራት ጉድ ነበር። ከፊት እንደ ሙሽራ የተከረከመው ሰው፣ ከኋላ አይጥ የበላው ምንጣፍ ይመስላል። ያ ሰው ቤቱ ውስጥ ብቻውን ቆሞ፣ መስታወት በአንድ እጁ፣ መቀስ በአንድ እጁ ይዞ ታየኝ። አለቀስኩ። ደንቡ ላይ ማልቀስ ክልክል ነው አልተባለም።

ታች ግን ነገሩ እየተበላሸ ነው። ዋርሳዬ አንገቱን ወረቀቱ ላይ ደፍቶ ያነባል፤ ድምፁ ለማይክራፎኑ እንኳ አይሰማም። "አይሰማም!" አለ አንዱ። ሳቅ ተነሳ። ወረቀቱ አንድ ገጽ ወደቀበት፤ ጎንበስ ብሎ አነሳው፤ የት እንደደረሰ ጠፋው። ያንኑ አንቀጽ እንደገና ጀመረ። አፈ ጉባኤው ሰዓታቸውን አዩ። ዋርሳዬ ይበልጥ አቀረቀረ፤ ከዚያ በላይ ቢያቀረቅር ጠረጴዛው ስር ይገባል።

"ቀና በል!"

አዳራሹን የሞላው ይህ ድምፅ ከአጠገቤ የወጣ መሆኑን ለማወቅ ጊዜ ወስዶብኛል። ባሌ ቆሟል። ያን ሁሉ ጊዜ ሲያሳድገው የኖረበት ቃል ከአፉ አምልጦታል።

ዋርሳዬ ቀና አለ። ወደ ኋላ አልዞረም፤ ማነው ብሎ አላሰበም። አገጩን ሰቅሎ፣ ትከሻውን ጥሎ፣ ቀጥ ብሎ ቆመ። እውነት ለመናገር ሌሎች አምስት ስድስት አባላትም ቀና ብለዋል። አዛውንቱም ነቅተው ልብሳቸውን አስተካከሉ።

"ማነው?" አሉ አፈ ጉባኤው።

ዋርሳዬ አገጩን እንደሰቀለ በማይክራፎኑ፣ "ክቡር አፈ ጉባኤ፣ ወንድሜ ነው" አለ።

"ደንቡ ለወንድም የተለየ አንቀጽ የለውም" አሉ አፈ ጉባኤው። "የድምፅ ብክለት ረቂቅ ላይ እየተወያየን መሆኑም ይታወቅልኝ። ያስወጡልኝ።"

ባሌን አስወጡት። እኔም ሚስት ነኝና ተከትዬ ወጣሁ።

የወሰዱን በሩ አጠገብ ካለችው የጥበቃ ክፍል ነው። አንድ ጠረጴዛ፣ ሦስት ወንበር፣ የተሰነጠቀ መስኮትና ስብሰባውን የሚያሳይ ትንሽ ቴሌቪዥን አሉባት። ያ ጥበቃ ጠረጴዛው ኋላ ተቀምጦ ባሌን በሐዘን አየው።

"ምንድነው ያሉት?"

"ቀና በል አልኩ።"

"ለማን?"

"ለወንድሜ።"

"በምን ሥልጣን?"

"በታላቅነት።"

ጥበቃው ይህን የት እንደሚያስገባው አሰበ። እሱም ታላቅ ወንድም እንዳለው በኋላ ነው የነገረን።

ቴሌቪዥኑ ላይ ዋርሳዬ አሁንም እንደቆመ ነው። "በቃ" ያለው ሰው የለምና አገጩን አላወረደም። እንዲያ ተሰቅሎ ወረቀት ማንበብ አይቻልም። ስለዚህ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ተወውና ጣሪያውን እያየ መናገር ጀመረ።

"አስተምርበት የነበረው ትምህርት ቤት ጎን ብረታ ብረት ቤት ነበር" አለ። "የብረት መፍጫው ሲነሳ እኔ እናገራለሁ፤ ልጆቹ አይሰሙም። መፍጫው ሲቆም የዕረፍት ደወል ይደወላል። በቅርቡ አንዲት ተማሪዬ አድጋ መንገድ ላይ አገኘችኝና፣ 'ጋሼ፣ አፍዎ ሲንቀሳቀስ ትዝ ይለኛል' አለችኝ። ያስተማርኳት ይህንን ነው። እባካችሁ ዶሮውን ትታችሁ ትምህርት ቤት የሚል ቃል ጨምሩበት። አመሰግናለሁ።"

ወንበሩን በእጁ እየዳበሰ፣ አገጩን ሳያወርድ ተቀመጠ። ከዚያ ከአንድ ሁለት ቦታ ጭብጨባ ተሰማ፤ ለአባላት አልተከለከለም መሰለኝ። ጥበቃው "ጥሩ ተናገሩ" አለ። ባሌ ግን ክፍሏ ውስጥ ሦስት ወንበር እያለ ቆሞ ነበር።

ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት አጭር ዕረፍት ሆነ። ብዙም ሳይቆይ በሩ ተከፈተና ዋርሳዬ ገባ። ጥበቃው ብድግ ብሎ ሰላምታ ሰጠው። ወንድማማቾቹ ግን ሰላም አልተባባሉም። ባሌ ዞሮ ከወንድሙ ኋላ ቆመ። ዋርሳዬም እንዲዞርበት ፈቀደለት።

"ይሄ ምንድነው?" አለ ባሌ።

"ፀጉር ነው።"

"ማነው እንዲህ ያደረገው?"

"አታውቀውም?"

"አውቄዋለሁ። ካንተ አፍ ልሰማ ብዬ ነው።"

"ሌላ ሰው እንዲነካኝ አልፈለግሁም" አለ ዋርሳዬ፤ ጀርባውን እንደሰጠ።

እዚህ ላይ ሁለቱም ዝም አሉ። ጥበቃው እኔን ያያል፤ እኔ ባሌን አያለሁ። ትንሽ ጠበቅሁ። ሲብስብኝ "ተናገር እንጂ!" ብዬ ጮህኩ። "አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ፊት ስትጮህ አላፈርክ፤ አሁን ምን ዘጋህ?"

ባሌ ዓይኑን ከማጅራቱ ሳይነቅል፣ "ያን ቀን ያልኩት ነገር..." አለ።

"እጄን አነሳለሁ፣ አወርዳለሁ ያልከው።"

"እሱ። ማለት አልነበረብኝም።"

"እውነትህን ነበር" አለ ዋርሳዬ። "ውሸት ቢሆን እስቅ ነበር። እውነት ስለሆነ ነው የተቃጠልኩት፣ ወንድም ጋሼ።"

ወንድም ጋሼ ሲለው ባሌ ቀረብ አለ። እጁ ወደዚያ ማጅራት ሄደ፤ ያቺን ጎድጓዳ በአውራ ጣቱ ዳሰሳት። ቁስል የሚዳስስ ነው የሚመስለው።

የድምፅ መስጫው ደወል ተደወለ። ጥበቃው በአክብሮት፣ "ክቡርነትዎ፣ ደወል ነው" አለ። ዋርሳዬ ሰማው። አልተንቀሳቀሰም። ደወሉ ለሁለተኛ ጊዜ ተደወለ። ቴሌቪዥኑ ላይ አባላቱ ወደየወንበራቸው ሲመለሱ ይታያል፤ የዋርሳዬ ወንበር ባዶ ነው። ምክር ቤት ከገባ ጀምሮ ድምፅ ሳይሰጥ ቀርቶ አያውቅም፤ ያን ቀን ቀረ። አዋጁ ያለ እሱ ጸደቀ። ትምህርት ቤት የሚለው ቃል ገብቷል፤ ዶሮውም አልወጣም።

"ሦስት ዓመት!" አለ ባሌ። "ሰው በሦስት ዓመት አንድ ቀን አይመጣም?"

"እመጣ ነበር።"

"መቼ?"

"ቅዳሜ ቅዳሜ። ከማዶ መድኃኒት ቤቱ በረንዳ ላይ እቆማለሁ። ከዚያ ሱቁ ይታያል። ትንሽ ቆሜ እመለሳለሁ።"

ይህን እኔም አላውቅም ነበር። ባሌ የወንድሙን ትከሻ ይዞ ወደራሱ አዞረው።

"እዚያ ድረስ መጥተህ? ታዲያ መንገዷን ተሻግረህ ለምን አልገባህም?"

ዋርሳዬ ብዙ ነገር ማለት ይችል ነበር። ስብሰባ ላይ ሲዋሽ ባላየውም፣ ውሸት እንደማይችልበት ያን ጊዜ አወቅሁ። እንደ ተማሪ መሬት መሬት እያየ፣

"ወረፋ ነበረ" አለ።

"ወረፋ?" ባሌ ከዚህ በላይ መቆም አልቻለም። የጥበቃው ወንበር ላይ ተቀመጠና ፊቱን በእጁ ሸፈነ። "አንተ ልጅ፣ ላንተ መቼ ነው ወረፋ የነበረው?"